ጣትሽን አውሺኝ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሙጬ በሚለው ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም የሚጠራው ክሊኒክ ሲሄድ ብቻ ነበር፤ ያኔም ቢሆን ተጠሪው እሱ መሆኑ ትዝ እስኪለው ድረስ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደጋግማ ትጮሃለች።

ሥራው ማጣበቅ ነው። የቤት ዕቃ በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ሌሎቹ ይቆርጣሉ፣ ይልጋሉ፣ ይመታሉ፤ እሱ ያጣብቃል። ጠረጴዛ ላይ የሚለበጠውን ፎርማይካ፣ ወንበር ላይ የሚተኛውን ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ የሚወጠረውን ቆዳ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋል። ጎረምሳ ሆኖ የገባበት ክፍል ውስጥ ፀጉሩ ሸበተ።

ለሌላው ሰው ሙጫ ሁሉ ሙጫ ነው። ለሙጬ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። "ነጩ ኮላ ትዕግሥተኛ ነው" ይላል፤ "አጣመህ ብታስቀምጥ እንኳ እስክታቃና ይጠብቅሃል። ከያዘ በኋላ ግን እንጨቱ ይሰበራል እንጂ እሱ አይለቅም። ሱፐር ግሉ ችኩል ነው፤ ዕቃውን ትቶ ጣትህን ይይዛል። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፤ መስታወቱና ግድግዳው ሲጓተቱ መሃል ገብቶ አብሮ ይለጠጣል። ከሁለት ቆርቆሮ ተቀድቶ የሚደባለቀው ደግሞ እንደ ባልና ሚስት ነው። ለየብቻ ምንም አይደሉም፤ ሲገናኙ ይሞቃሉ፤ ከዚያ ድንጋይ ይሆናሉ።"

"እኔስ የትኛው ነኝ?" ትለዋለች ሚስቱ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች።

"አንቺማ ኮላ ነሽ።"

"ነጭ ነሽ ልትለኝ ነው?"

"ለመያዝ ስንት ጊዜ አስጠበቅሽኝ ልልሽ ነው።"

"አንተ ማስቲሽ ስለሆንክ ነዋ! አንዴ ነክቶ አልላቀቅ ያለ!"

በዚህ ይሳሳቃሉ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ሰፊዋ ነው የሚላት፤ እሱም በሰው ፊት ሲሆን እንደዚያው ይጠራታል።

የሙጬ ፍቅር ግን ከሁሉም ይልቅ ከማስቲሽ ጋር ነበር። ማስቲሽ እንደ ሌላው ቀብተው ወዲያው የሚለጥፉት አይደለም። በሁለቱም ፊት ላይ፣ በእንጨቱም በፎርማይካውም፣ ስስ አድርገው ይቀቡትና ይጠብቁታል። እርጥቡ ሲለጠፍ አይይዝም፤ ከደረቀም አለፈው። መድረሱን የሚያውቀው ጣት ነው። ሙጬ የመሃል ጣቱን አጥፎ በአንጓው ጀርባ ነካ ያደርገዋል። ቆዳውን ካቆሸሸው ገና ነው። ሳያቆሽሽ ለቀቅ ከማድረጉ በፊት ቅንጣት ታህል ጎተት ካደረገው፣ ሰዓቱ አሁን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ፊቶች አንዴ ከተነካኩ ተነካኩ፤ ማንሸራተት የለ፣ መልሶ ማንሳት የለ። ስለዚህ መሃላቸው ቀጫጭን እንጨት ይደረድርና ፎርማይካውን ከላይ አጋድሞ፣ ዳርና ዳሩን በእጁ ዳብሶ ካስተካከለ በኋላ፣ ከመሃል ጀምሮ እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየሳበ ያስተኛዋል።

መስኮት ይዘጋል። ነፋስ ከገባ የማስቲሹ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ የእንጨት ብናኝም እየበረረ ይለጠፍበታል። እንግዳ ሰው ያን ክፍል ሲከፍት ዓይኑ ያለቅሳል፣ ራሱ ይዞራል። ሙጬ ግን ይስቃል፤ "ሽታ አለው እንዴ?" ይላል፤ ከልቡ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ወርክሾፑ ሥራ አቆመና ሙጬ በጊዜ ወደ ቤቱ ገባ። ሰፊዋ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ስትለካ ስፒል ያለበት ሳህን ተገልብጦባት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ትለቅማለች። እሱም ቁጢጥ ብሎ አብሯት መልቀም ጀመረ። አፉ ግን ሌላ ሥራ ይዟል። ቀለም ቀቢውን ባልደረባውን ያማል፤ ዝም ማለት ስለማይችል ራዲዮ ብለው ያወጡለትን ሰው።

"አለቃችን 'ራዲዮ፣ እስቲ ትንሽ ዝም በል' አለው። ራዲዮ ምን አለው መሰለሽ? 'መብራት እኮ ሲመጣም ሲጠፋም የምሠራ እኔ ብቻ ነኝ!'" እየሳቀ በእፍኙ የያዘውን ስፒል ዘረጋላት።

ሰፊዋ አልሳቀችም። አውራ ጣቱ ላይ አንድ ስፒል እስከ ራሱ ተሰክቶ ቆሟል። ከሥሩ ደም ጠብ ብሏል።

"ጣትህ!"

"ምን ሆነ?" አለና አየው። ኮት ላይ የተገኘ ክር እንደሚነቀል መዘዝ አድርጎ ሳህኑ ውስጥ ጣለው። "የሠራተኛ እጅ ነው። ደንድኗል።"

ነገሩ አልጥም አላት። ሻይ ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ "እስቲ ዓይንህን ጨፍን፤ ስነካህ ንገረኝ" አለችው። ጨፈነ። መዳፉን ጭኗ ላይ አድርጋ መርፌ አነሣች። ከትንሿ ጣቱ ጀምራ ጫፍ ጫፉን ወጋ ወጋ እያደረገች እስከ አውራ ጣቱ ደረሰች። በሌላኛው እጁም ዞረች። ሙጬ ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

"ጀምሪ እንጂ!" አላት።

መርፌውን የቀሚሷ ደረት ላይ ሰካችውና ሁለት እጆቹን ያዘች።

ክሊኒክ እየጎተተች ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገችው፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና ቀረበችው።

"አባቴ፣ ይሄ ከሥራዎ የመጣ ነው። ሙጫውን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ይተናል፤ ሲተን ይተነፍሱታል። ነርቭ ይጎዳል። ከጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል።"

"መድኃኒቱስ ዶክተር?"

"መድኃኒቱ መራቅ ነው።"

"እሱማ መራቅ ነው። የሚዋጠውን ነው የጠየቅኩት።"

"የሚዋጥ የለውም። ከራቁም በኋላ ቶሎ አይሻልዎትም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ሊብስብዎት ይችላል፤ ሰውነት ወዲያው አይመለስም። ያኔ ተስፋ እንዳይቆርጡ። አባቴ፣ እየሰሙኝ ነው?"

ሙጬ የሐኪሟን ጠረጴዛ ዳር እያየ ነበር። ጫፉ ላይ ልባጩ ተነሥቶ አፉን ከፍቷል። "ይሄን ማን ነው የለጠፈልሽ?" አላት በሐዘን። "እርጥቡን ነው የለጠፈው።"

ሰፊዋ ግን ሁሉንም ሰምታለች።

ሥራውን ትቶ ቤት ተቀመጠ። እንዴት እንደተቀመጠ ያየችው እሷ ብቻ ናት። የተሰነጠቀ ሲኒ፣ የተላጠ ጫማ፣ የሚንቀጠቀጥ ወንበር እየፈለገ ቤቱን ያስሳል። "በኮላ ብቻ ነው፤ ኮላ እኮ አይሸትም" ይላታል። እየቆየም ነገሩ ባሰበት። ግቢ ውስጥ ሲሄድ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ይቀራል፤ እሱ ሳያውቅ በባዶ እግሩ ይዘልቃል። እግሩን ከፍ እያደረገ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው መራመድ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጀርባውን ሰጥቷት ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ይታገላል። እሷም ምንም ሳትል የሸሚዞቹን ቁልፎች ሁሉ ፈታች፤ ለዓይን ያህል ላዩ ላይ መልሳ ሰፋቻቸውና ከሥር ጨርቅ በጨርቅ የሚጣበቀውን ተለጣፊ አደረገችባቸው።

ሙጬ አንዱን ሸሚዝ ለብሶ ጫን ሲለው ዝም ብሎ ተያያዘለት። ፈታው፣ ጭርርር አለ። እንደገና ገጠመው።

"ሙጫ የሌለው ሙጫ" አላት። እሷም ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

በማግስቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ አገኘችው።

"ወዴት?"

"ወደ ሥራዬ። ትተነው አይተነው የለ? ስተወው ባሰብኝ። ሙጫው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አየሽ፣ ሙጫው አይደለም።"

"ኧረ በፈጠረህ! ሊብስ ይችላል ብላህ የለም እንዴ ሐኪሟ?"

"መቼ?"

"አንተ ጠረጴዛዋን ስታይ!"

"እንግዲህ እኔ ያልሰማሁትን አታምጪብኝ" አለና ወጣ። ተከትላው ልትሮጥ በሩ ጋ ደረሰችና ቆመች። ይዛ ምን ልታደርገው? አንድ ሰው በሙሉ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፍበት።

አለቃው ዘንድ ሄደች። አለቃው ወርክሾፑን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው፤ ሙጬን እዚያው ነው ያገኘው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ የምትለውን ሳትጀምር አወቀባት።

"እኔ ምን ላድርግ እህቴ? መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋው። ማራገቢያ አስገባሁ፣ ገመዱን ነቀለው። የአፍ መሸፈኛ ሰጠሁት፣ ለራዲዮ ሰጠው፤ ራዲዮ የምሳ ዕቃውን ያስርበታል። ከአናጢዎቹ ጋር ኮላ በኩል ሁን አልኩት፣ እንደ ሰደብኩት ቆጥሮ አኮረፈኝ።"

"አባርረዋ!"

"አንቺ ታባሪዋለሽ?"

አለቃው አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ በቢሮው መስታወት አሻግሮ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ አዲስ ለሚከፈት ዳቦ ቤት የተሠራ፣ ልባጭ የሚጠብቅ። ያን የሚያህል ፎርማይካ ያለ ቅጥያ የሚያስተኛ ሌላ ሰው ወርክሾፑ ውስጥ የለም። ሰፊዋ ዓይኑን ተከትላ አየች፤ እሱም መታየቱን አወቀ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በር ላይ ራዲዮ ጠበቃት። "እትዬ፣ እኔም ነግሬዋለሁ" አላት። "የኔን ወሬ ግን ማን ይሰማል?"

የዚያኑ ሳምንት ራት ሲበሉ፣ የሙጬ የታች ከንፈር መብራት ላይ አብለጨለጨ። መጀመሪያ ሾርባው መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ በጥፍሯ ነካችው። ደርቆ እንደ ስስ ላስቲክ ተነሣላት።

"ምንድነው ይሄ?"

ሙጬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ጣቴ ይዋሸኛል" አለ። "ደረሰ ይለኛል፣ አልደረሰም። የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን አበላሸሁ፤ አለቃ አየና ምንም ሳይለኝ አለፈ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከንፈሬ ግን እስካሁን አልዋሸኝም።"

ይሄ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ሽታው ትኩስ እያለ፣ አፉንና አፍንጫውን አስጠግቶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲሳለም ታያት።

"የዳቦ ቤቱ ጠረጴዛ ቀርቷል" አለ ሙጬ። "እሁድ ማንም አይገባም። ነይ፣ ጣትሽን አውሺኝ። አንዴ ብቻ።"

እሺ ካለች ራሷ ወደ ሙጫው መራችው። እምቢ ካለች በከንፈሩ ይሄዳል። ወደየትም ብትዞር ያው ነበር። ሾርባው ሳይጨረስ ቀዘቀዘ።

እሁድ ዕለት ወርክሾፑ ጭር ብሏል። መጋዙ ቆሟል፣ ብናኙ መሬት ላይ ተኝቷል። ሙጬ የመስኮቶቹን መቀርቀሪያ ለመሳብ ሲታገል አይታ ራሷ ዘጋችለት። ከዚያ ጥርስ ባለው ቆርቆሮ ማስቲሹን እያሰራጨ መቀባት ጀመረ፤ ቆርቆሮውን እንዳይወድቅበት በጨርቅ መዳፉ ላይ አስሮታል። ክንዱ ግን ያውቃል። ከትከሻው እየተነሣ፣ ሳይቸኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል። ሰፊዋ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሲሠራ አይታው አታውቅም ነበር። እያየችው ልጅ እንዳለፈለት ሰው ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ መደሰቷ ራሱ አሳዘናት።

ዓይኗ አቃጠላት። የማስቲሹ ጣፋጭ ሽታ አፏ ውስጥ ገባ።

"አሁን ንኪው። በአንጓሽ። ቀስ።"

ነካችው። "አቆሸሸኝ።"

"ገና ነው።"

ጠበቁ። ሙጬ ራዲዮ ስለ አማቱ ያወራውን ሲያወራላት ሳቀች፤ ራሷ ግን ከብዷት ነበር።

"አሁንስ?"

"አላቆሸሸኝም። ያዝ ያደርጋል።"

"ምን ያህል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ያዝ ነዋ!"

"እንደምን ያዝ? እንደ ሕፃን ልጅ ነው ወይስ እንደ አበዳሪ?"

"ኧረ ወዲያ!" ብትለውም አሰበችበት። "እንደ ሕፃን ልጅ አይደለም። ጠበቅ ያደርጋል።"

"ገና ነው። ሕፃኑን ጠብቂ።"

ይሄን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣባት። ደርሷል ብትለውስ? ገና እርጥብ እያለ አምኗት ቢያስተኛው፣ ነገ አየር ቋጥሮ ቢነፋ፣ ዳሩ ቢነሣ? ሰው ሁሉ ያየዋል። አለቃውም ቁርጡን ይነግረዋል። እሱም ተስፋ ይቆርጣል። ሥራው ይሞታል፤ እሱ ይተርፋል። አንድ ቃል ብቻ ነው። ማንም አያውቅባትም።

አንጓዋን አስጠግታ ቀና ብላ አየችው። ሙጬ አፏን አፏን ያያል። ያ ሰው ከዚህ በፊት የማንንም አፍ ጠብቆ አያውቅም። እጆቹ በጎኑ ተንጠልጥለዋል። ዓይኑ ግን ሙሉ በሙሉ እሷን አምኖ ተቀምጧል።

"ገና ነው" አለችው።

ትንሽ ቆይታ እንደገና ነካችው። ማስቲሹ ቆዳዋን በስሱ ጎተት አድርጎ ለቀቃት፤ ጡት ጠግቦ ሊተኛ ያለ ልጅ ጣት ይዞ እንደሚለቀው።

"አሁን" አለች። "አሁን ነው።"

እንጨቶቹን ደረደሩ። ፎርማይካውን በአንድ ጫፍ እሱ፣ በአንድ ጫፍ እሷ ይዘው አጋደሙት። ዳሩን መዳበስ ስለማይሆንለት እሷ እንደምትሰፋው ልብስ ጠርዙን በዓይኗና በጣቷ ለካችለት፤ "ወደ አንተ፣ ትንሽ፣ እዚያ ላይ በቃ" እያለች። ልብስ ሰፊ ናትና ጠርዝ አይጠፋትም። እሱም ከመሃል ጀምሮ እንጨቶቹን በሁለት መዳፉ መሃል እየያዘ ሳበ፣ በክርኑ ጫነ፣ ሳበ፣ ጫነ። ሲያበቃ ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ በእንጨት መዶሻ እየደቃ ከዳር እስከ ዳር አዳመጠ። የትም ቦታ ባዶ ድምፅ አልሰጠም።

ቀና ሲል ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

"አየሽ? ምንም አልሆንኩም እኮ! አንድ ጣት ብቻ ነበር የጎደለኝ!" አለና ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። "ነገ የወጥ ቤት መደርደሪያ በሮች አሉ። ትንንሽ ናቸው፤ አያደክሙሽም።"

"አንዴ ብቻ ብለኸኝ ነበር።"

"እንዲህ እንደምትችዪ መቼ አውቄ!"

ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። የሚለሰልስና የሚያብረቀርቅ፣ እንከን የሌለው ነው። አንድ ቦታ እንኳ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የምትይዘው ነገር ነበራት። የምትለው ሁሉ ከክሊኒኩ ጀምሮ ተብሎ ያለቀ ነው። ሐኪሟ ብላለች፣ እሷ ብላለች፣ ራዲዮ ሳይቀር ብሏል። እምቢ ብትለው ነገ ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን ሲያስጠጋ ታያት፤ ደግሞ ከዚያ ምስል ሸሸች።

"ፊትህን የማታስጠጋ ከሆነ" አለችው፤ "እመጣለሁ።"

"እኔ ልሙት! ጣት እያለኝ ከንፈር ምን ይሠራልኛል?"

ጎንበስ ብሎ የማስቲሹን ቆርቆሮ ክዳን ገጠመና በሁለት አውራ ጣቶቹ ጫን ጫን አደረገው። ክዳኑ በአንድ በኩል ተንጋዶ አፉ ክፍት ቀረ። እሱ አልታወቀውም። እያፏጨ፣ እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ኮቱ ወደተሰቀለበት ሄደ።

እሷ ተንበረከከች። ክዳኑን አቃንታ ቀጥ እስኪል ድረስ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።

"ተከደነ?" አላት ሳይዞር።

"አዎ" አለችው። "ከድነኸዋል።"